ገንቦው ውስጥ የነበረው

እኔ መጠጥ አልቀምስም። ጠላም፣ ጠጅም፣ አረቄም። ፍኖተ ሰላም ስኖር ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ ይህን ጠባዬን የማያውቅ የለም፤ ምክንያቱንም እንዲሁ። «እሱ አብሾ ጠጥቷል፤ ጠላ ከነካ አይቻልም» ይላሉ። ድግስ ላይ ቀጂው እኔ ጋ ሲደርስ ማንም ሳይነግረው ይዘለኛል። በገዛ ሠርጌ እንኳ ሚዜዎቼ ብርሌ ሲያነሱ እኔ የብርቱካን ለስላሳ ይዤ ነው የተቀመጥኩት። አማቴ ያንን ፎቶ ባዩ ቁጥር እስከ ዛሬ ይስቁብኛል።

አብሾ ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። በእኛ አገር የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ቀለም አልገባ ያለው ተማሪ አለ፤ ሲያጠና ውሎ ሲመሽ ባዶ የሚሆን። እንዲህ ላለው መምህሩ አዝነው የሚሰጡት መጠጥ ነው አብሾ። የሚሠራው ከአስተናግር ፍሬ ነው ይባላል። አስተናግርን ሌላው አገር አጠፋሪስ ይለዋል፤ ቆሻሻ በተደፋበትና በአጥር ሥር ሁሉ የሚበቅል፣ አበባው ነጭ፣ ፍሬው እሾሃም የሆነ፣ ከብት እንኳ የማይነካው ተክል ነው። ጠጪው ጾሞ፣ ጎጆ ተዘግቶበት፣ ከሰው ሳይነጋገር ሰባት ቀን ይቆያል። የተረፈ የሰማው ቀለም አይጠፋውም። ያልተረፈ አእምሮውን ስቶ ይዞራል። የተረፈውም ቢሆን መጠጡ ከደሙ አይወጣም፤ ጠላ ከቀመሰ ይነሳበታል። ለዚህ ነው ቶሎ ቱግ የሚለውን ሁሉ «አብሾ አለበት» የምንለው። እኔ ደግሞ ሲፈጥረኝ ቱግ ባይ ነኝ፤ ስለዚህ ሰው በእኔ ጉዳይ ጥርጣሬ የለውም።

የጠጣሁት በዐሥራ አራት ዓመቴ ነው፤ ከማንኩሳ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለ አንድ ደብር፣ ዜማ ልማር ገብቼ። ከዚያ በፊት የጉባኤው መሣቂያ ነበርኩ። ከእኔ በኋላ የመጡ ልጆች ጥለውኝ ሲሄዱ እኔ አንዷን መስመር ሦስት ቀን አላምጣት ነበር። ከጠጣሁ በኋላ ግን ሌላ ሰው ሆንኩ። የሰማሁት ሁሉ ይቀመጣል። ኋላም ወደ አስኳላው ዞሬ፣ ባሕር ዳር ሕግ ተምሬ፣ ተከላካይ ጠበቃ ሆኜ ስመለስ አንቀጾችን ከነቁጥራቸው በቃሌ ነበር የምወጣቸው። ዐቃቤ ሕጎቹ «ሌላው ሕግ ያነባል፤ ይኸኛው ጠጥቶት ነው የመጣ» እያሉ ይቀልዱብኛል። እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ስኮራበት ኖሬያለሁ፤ ምን እደብቃለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት ጽሕፈት ቤቱ አቅም የሌላቸውን ተከሳሾች መዝገብ ሲያከፋፍል አንዱን ከፈትኩና የተከሳሹን ስም አነበብኩ። የኔታ ነበሩ። ያ መጠጥ የሰጡኝ መምህሬ።

ስማቸውን አልጽፍም። በዚህ አገር ስንት የኔታ አለ፤ ያንብበውና እያንዳንዱ ደብር የጎረቤቱ ነው ይበል።

ነገሩ የጀመረው ቡሬ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የሞላው አንድ ዲያቆን፣ የየኔታ ተማሪ፣ መናኸሪያው አጠገብ አስፋልቱ መካከል ቆሞ የጭነት መኪና እያስቆመ ሲባርክ ተገኘ። ጋቢውን ጥሏል፤ አፉ ደርቋል፤ ማንም በሌለበት ከሰው ጋር ይነጋገራል። ሰው መጀመሪያ ሳቀ፤ ኋላ ግን ደነገጠና ጤና ጣቢያ ወሰደው። ነርሷ የዓይኑ ብሌን መስፋቱን አይታ አስተናግር እንደሆነ ወዲያው ዐወቀች። ልጁ በሦስተኛው ቀን ወደ ልቡ ተመለሰ። ፖሊስ ግን ከዚያ በፊት ደብሩ ደርሶ ነበር። የኔታ ተማሪዎቻቸው ከበዋቸው ሳለ «ምን ሰጥተውት ነው?» ብሎ ቢጠይቃቸው «አብሾ ነው» አሉ። ፖሊስም መጠጡ የተቀመጠበትን ገንቦ አፉን በላስቲክ አስሮ፣ ባጃጅ ላይ ጉልበቱ መካከል አድርጎ ይዞት ሄደ። እሳቸውንም ጭምር።

ክሱ በዕፅ አንቀጽ ነበር፤ መርዛማ ወይም አደንዛዥ ዕፅ አዘጋጅቶ ለሌላ ሰው መስጠት። የኔታ ሰባ አምስት ዓመት አልፏቸዋል። ቅጣቱ በዓመታት የሚቆጠር ነው። መዝገቡን ዘግቼ ጣቴን አጥፌ ስደምር የዓመቱ ልክ ከቀሪ ዕድሜያቸው ልክ አለፈብኝ።

ሕጉን በቃሌ አውቀዋለሁ ብያለሁ። የዚያን ቀን ግን እንደ አዲስ አነበብኩትና ተናደድኩ። መርዛማ፣ አደንዛዥ፣ አእምሮን የሚለውጥ ይላል። የትኞቹ እንደሆኑ ስትፈልግ ወደ ዝርዝር ይመራሃል፤ ዝርዝሩ ውስጥ ሐሺሽ አለ፣ ኦፒየም አለ፣ ምላስ የሚያስሩ የክኒን ስሞች አሉ። አስተናግር የለም። «መርዛማ» የምትለዋ ቃል ግን ብቻዋን ቀርታለች፤ በሯን ከፍታ፣ ያለፈ ያገደመውን ግባ እንደምትል ቤት። የከተማውን ወጣት ከሰዓት በኋላ ሙሉ አፍዝዞ የሚያውለው ጫት ዕፅ አይደለም። ሰውን ገደል የሚከተው አረቄ ዕፅ አይደለም። የመጸዳጃ ቤታችን ጀርባ ማንም ሳይዘራው የሚበቅለው ግን ዕፅ ሊሆን ነው? ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ስጮህ ጸሐፊዋ ሻይ ይዛ ገብታ አስቀምጣልኝ ወጣች፤ ለምዳኛለች።

ማረሚያ ቤት ሄጄ አገኘኋቸው። ጉልበታቸውን ሳምኩ። ከስተዋል፤ ዓይናቸው ግን ያው ነው።

«መጣህ?» አሉኝ፤ ትናንት ውሃ ቅዳ ብለው የላኩኝ ይመስል።

«መጣሁ፣ የኔታ።»

«እስቲ ሕጉ ምን ይላል?»

አንቀጹን በቃሌ ወጣሁት። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝና «ድገመው» አሉ። ደገምኩት። እንደ ጥንቱ ነው፤ ከፊታቸው ስቆም ላብ ያጠምቀኛል። ሦስተኛ ጊዜ አስባሉኝና ዓይናቸውን ገለጡ። «የጻፈው ሰው ቸኩሏል» አሉ። «የሚቀጣበትን ነገር ምን እንደሆነ ሳይጨርስ ቅጣቱን ነገረን።»

ከሕግ ትምህርት ቤት መምህሮቼ አንዱም እንዲህ አጥርቶ አልነገረኝም።

መንገዳችን ሁለት እንደሆነ አስረዳኋቸው። አንደኛው፣ ተክሉ በዝርዝሩ ውስጥ የለምና ወንጀል አይደለም የሚል ነው። እሱ ካልሰመረ ወደ ሁለተኛው እንሄዳለን፤ መጠኑ። በእኛ አሠራር ፍርድ ቤት ቅጣት ሲወስን መመሪያ አለው፤ የዕፁ መጠን በጨመረ ቁጥር እርከኑ ይወጣል፤ እርከኑ ሲወጣ ዓመቱ ይበዛል። ዐቃቤ ሕጉ ደግሞ የመዘነው ገንቦውን እንዳለ፣ ሸክላውን ሳይቀንስ ነው። በዚያ ሚዛን የኔታ እንደ አንድ ትልቅ የዕፅ ነጋዴ ሊቀጡ ነው። «ውሃና ማር ግን ዕፅ አይደለም፤ ሊመዘን የሚገባው ፍሬው ብቻ ነው» አልኳቸው። «ስለዚህ የጨመሩት ፍሬ ምን ያህል እንደነበር ይንገሩኝ።»

ወደ ግድግዳው ዞር አሉ።

የመጠጡን ነገር ለማንም እንዳይናገሩ ለመምህራቸው ቃል እንደገቡ ድሮም እሰማ ነበር። «የኔታ፣ ቃል ኪዳኑን አውቃለሁ፤ ግን አሁን ነፍስዎ ነው የተያዘው» ብዬ ቱግ አልኩ። ዘብ ጠባቂው ዞር ብሎ አየኝ።

«ምንም የለበትም» አሉኝ ቀስ ብለው።

«ምን?»

«ፍሬ የለበትም። ተልባና ማር ነው፤ ለምሬቱ ትንሽ ግራዋ። አንተ ከመምጣትህ ስድስት ዓመት በፊት የወንድሜን ልጅ ሰጥቼው፣ አብዶ ገደል ገባብኝ። በእጄ ነው የሰጠሁት። ከዚያ ወዲያ የዚያን ተክል ፍሬ በእጄ ነክቼ አላውቅም።»

ትንሽ ቆይቶ ነው የገባኝ። «እኔስ?» አልኩ።

«አንተም።»

«ያ ሁሉ ራሴ የዞረው፣ ሌሊት ድምፅ የሰማሁት?»

«ሰባት ቀን ጾሞ ያልዞረ ራስ አለ?»

«ታዲያ ቀለሙ እንዴት ገባኝ?»

«እኔ ምን ዐውቄ። ከዚያ በፊት አልይዝም ብለህ ቁጭ ብለህ ነበር። ከጠጣህ በኋላ እይዛለሁ ብለህ ሌሊት ሁሉ ስታጠና እሰማህ ነበር። ያጠናኸው አንተ ነህ።»

ጉልበታቸውን ሳልስም ወጣሁ። በሕይወቴ እንዲያ የተናደድኩበት ቀን የለም። ለካ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስኮራበት የኖርኩት ግራዋ ነው። ለካ በሠርጌ ቀን ብርሌ ማንሳት እችል ነበር። እስከ ቤቴ በእግሬ ሄድኩ፤ ባለ ባጃጆች እየቆሙ ሲጠሩኝ መልስ አልሰጠሁም። ሚስቴ ምን ሆንክ ብትለኝ «ምንም» አልኳት፤ እሱም ሐሰት አልነበረም። እውነቱ ያ ነው፤ ገንቦው ውስጥ የነበረው ምንም ነው።

ንዴቱ ሲበርድልኝ ግን ነገሩ እጅግ ቀላል እንደሆነ ታየኝ። የሕግ ትርጉም ምን ያደርግልናል? መጀመሪያ ላይ ወደ አዲስ አበባ የተላከው ናሙና መንገድ ላይ ተበላሽቶ «ሌላ ይላክ» ተብሎ ነበር የተመለሰው። ገንቦው ይመርመር ብዬ አጥብቄ ባመለክት ውጤቱ ማርና ተልባ ነው፤ የኔታ በነጻ ይሄዳሉ። በሁለተኛው ቀን ደስ ብሎኝ ሄድኩና ነገርኳቸው።

«አይሆንም» አሉ።

«ለምን?»

«ከግሽ ዓባይ እስከ ሊበን ድረስ ማኅሌት የሚቆመውን ካህን ቁጠር። ስንቱ ነው ከእኔ ዋንጫ የጠጣ? ነገ በንግሥ ቀን ቀለም ተሰውሮበት ሲቆም፣ ለካ የጠጣሁት ግራዋ ነው ይበል?»

እዚህ ላይ አላስቻለኝም። «የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ ያን ልጅ አስፋልት ላይ ያቆመው የእርስዎ ውሸት ነው። መጠጡ ባዶ ከሆነ ልጁ የታመመው ምን ጠጥቶ ነው?»

አንገታቸውን ደፉ። እንደዚያ ሲሆኑ አይቼ አላውቅም ነበርና የተናገርኩት ቆጨኝ።

«አውቃለሁ» አሉ። «ሊጠይቀኝ እዚህ መጥቶ ነግሮኛል። የሰጠሁት አልሠራልህ ቢለው የሰሰትኩበት መሰለው። ከአጥር ሥር ሁለት ቁንጥር ፍሬ ለቅሞ ከዋንጫው ጨመረ። ግራዋ መሆኑን ቢያውቅ ኖሮ አጥር ሥር አይሄድም ነበር። ስለዚህ እኔ ጥፋተኛ ነኝ፤ ሕጋችሁ በሚለው መንገድ አይሁን እንጂ።» ከዚያ ቀና አሉ። «አሁን አንተ መልስልኝ። ገንቦው ንጹሕ ነው ከተባለ ልጁ ፍሬውን ከየት አመጣ አይሉም?»

«ይላሉ።»

«መጠቀምስ አያስከስስም?»

አንቀጹን በቃሌ አውቀዋለሁ። «ያስከስሳል» አልኩ።

«ዘንድሮ ቅስና ሊቀበል ነው። እንዳይናገር ገዝቼዋለሁ። አንተንም ልገዝትህ?»

«እኔ አስቀድሜ የታሰርኩ ነኝ። የደንበኛን ምስጢር ማውጣት አልችልም።»

«እንግዲያ በሕጉ ተከራከር። ገንቦውን ተወው።»

የማውቀውን እውነት ኪሴ ውስጥ ይዤ መጨረሻውን በማላውቀው ትርጉም ልከራከር ገባሁ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይላሉ፤ የኔ ይብሳል።

በክርክሩ ቀን ከችሎቱ ግቢ አንድ የአስተናግር ቅርንጫፍ ቆርጬ በጋዜጣ ጠቅልዬ ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁትና «ይህ ተክል አሁን ከመጸዳጃ ቤታችን ጀርባ የተቆረጠ ነው» አልኩ። «ዐቃቤ ሕግ እንደሚለው ዕፅ ከሆነ ይዞት የተገኘው ማን ነው? ዝርዝሩ ውስጥ የሌለውን ነገር በመመሳሰል እየጎተትን ወንጀል ማድረግ አንችልም፤ ሕጉ ራሱ ይከለክለናል። ገበሬው ማሳው ዳር በወጣ አረም ሁሉ ሊከሰስ ነው?»

ሰብሳቢዋ ዳኛ ጥቂት የሚናገሩ ሴት ናቸው። አልሳቁም። ዐቃቤ ሕጉ፣ ትጉህ ወጣት ነው፣ ተነሥቶ ዝርዝሩ ለፋብሪካ ክኒን እንጂ እዚህ ለሚበቅለው ሁሉ አልወጣም አለ፤ ሕጉ ሊጠብቅ የፈለገው የሰው አእምሮ እንደሆነና ያ አእምሮ አስፋልት ላይ ጋቢውን ጥሎ እንደተገኘ ተናገረ። ልጁም የዐቃቤ ሕግ ምስክር ሆኖ ቀርቦ «የኔታ የሰጡኝን ጠጣሁ» አለ፤ ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልወጣውም። የተናገረው ሐሰት አልነበረም።

ፍርዱ በሌላ ቀጠሮ ተነበበ። ዳኛዋ ዝርዝሩ አስተናግርን እንደማይጠቅስ ተቀበሉኝ። ነገር ግን «መርዛማ» የሚለው ቃል በከንቱ አልተጻፈም አሉ፤ ተክሉ ማሳው ላይ መኖሩ ሳይሆን ለሰው እንዲጠጣ ማዘጋጀቱ ነው የሚያስጠይቀው፤ በዚህ አገር እናት ለልጇ አትንካ ብላ የምታስተምረውን ነገር ዝርዝር እስኪወጣለት አንጠብቅም አሉ። የሰጡት አብሾ እንደሆነም ራሳቸው ለፖሊስ ተናግረዋልና ጥፋተኛ ናቸው ተባለ። የሚያናድደው ነገር፣ ምክንያታቸው ጥሩ ነበር። እኔም ወንበሩ ላይ ብሆን እንደዚያ ሳልጽፍ አልቀርም። እስከ ዛሬ ሳስበው እሳቸውም ልክ ናቸው፣ እኔም ልክ ነኝ፤ ቃሉ ለሁለታችንም ይበቃል፤ ክፋቱ በመካከሉ አንድ ሽማግሌ መቆማቸው ነው።

የቀረው መጠኑ ነበር።

ቅጣቱ በሚወሰንበት ቀን ችሎቱ በነጭ ጥምጣም ተሞላ። ከየደብሩ መጥተዋል። አንዳንዶቹ ከእኔ ጋር አንድ ጎጆ ያደሩ ናቸው፤ ሸብተዋል። ልጁ ሦስተኛው ወንበር ላይ ነጠላውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ ተቀምጧል።

ዐቃቤ ሕጉ ሰው የሚጠጣው ድብልቁን ነውና ድብልቁ በሙሉ ይመዘን አለ። ሸክላውን ግን አሁን ቀነሰልን፤ እግዜር ይስጠው። እኔ ተነሥቼ «አንድ ሰው ወንዝ ውስጥ መርዝ ቢጥል ወንዙን ሁሉ ነው የምንመዝነው?» አልኩ። ቅጣቱ የማርና የውሃው ልክ ከሆነ፣ ያንኑ ያህል ፍሬ በትንሽ ዋንጫ የሰጠ ሰው ቀሎለት በትልቅ ገንቦ የበጠበጠ ሊከብድበት ነው፤ እንዲያውም ብዙ ውሃ የጨመረ መርዙን አቀለለ እንጂ አላባሰም አልኩ። ዳኞቹ ተያዩ። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሐሳቡ ተቀባይነት ሊኖረው ይችላል» አሉ። «ግን ፍሬው ምን ያህል ነበር? ይህን የሚነግረን ከሌለ ወይ ናሙናው እንደገና ይላካል፤ ተከሳሹም ውጤቱ እስኪመጣ ማረሚያ ቤት ይቆያሉ። ወይ ድብልቁን እንደ ሙሉ እንይዛለን።» ከዚያ ወደ የኔታ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አባቴ፣ ፍሬው ምን ያህል ነበር?»

«ምንም» የምትለዋ ቃል ምላሴ ላይ ነበረች። አንድ ቃል ናት። ብተፋት የኔታ ያን ቀን በእግራቸው ወደ ደብራቸው ይሄዱ ነበር። ወደ ኋላ ዞር ብዬ ጥምጣሞቹን አየሁ። ነጠላውን የተከናነበውን ልጅም አየሁ።

የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ሁለት ቁንጥር» አሉ።

የልጁ ቁንጥር ነው። ከእሱ ዋንጫ አንሥተው ወደ ራሳቸው ገንቦ ጨመሩት። አንዲት የዜማ ምልክት ብናዛባ ከምግብ ይከለክሉን የነበሩት ሰው፣ በአደባባይ፣ በራሳቸው ላይ ዋሹ። እኔ፣ የሕግ ሰው ነኝ ባዩ፣ ብዕሬን አንሥቼ ሁለት ቁንጥር ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ቆሜ በዚያች ቁጥር ላይ ተከራከርኩ። የሌለውን ፍሬ ከማሩ ለየሁ፣ ከውሃው ለየሁ፣ እርከኑን እየጠቀስኩ ወደ ታች አወረድኩት፤ ዕድሜያቸውን፣ የቀድሞ ጠባያቸውን ማቅለያ አድርጌ ደረደርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተከራክሬ አላውቅም።

ሊመዘን የሚገባው ፍሬው ነው ተብሎ ተወሰነ። ቅጣቱ የመጨረሻው ዝቅተኛ ሆኖ በገደብ ታለፈላቸው። በነጻ መሄድ ይችሉ የነበሩት ሰው፣ ወንጀለኛ ተብለው በገደብ ወጡ። ያ ውሳኔ ዛሬ በእኛ አካባቢ ይጠቀሳል፤ ወጣት ጠበቆች «ዕፁ እንጂ ድብልቁ አይመዘንም» እያሉ ሲከራከሩበት ሰምቻለሁ። ጥሩ ሕግ ነው፤ ስንቱን ይጠቅማል። የቆመው ግን ባልነበረ ፍሬ ላይ ነው። እነሱ ሲጠቅሱት እኔ ወረቀቴን አገላብጣለሁ።

ባጃጅ ውስጥ አብሬያቸው ተቀምጬ ስሸኛቸው «ንስሐ እገባበታለሁ» አሉኝ። «አንተም ስገድ። ተከራክረህበታል።»

«ስንት ልስገድ?»

«የቁንጥሩን ልክ አንተ መዝነው፤ ሚዛን ታውቅ የለም ወይ?» አሉና ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። እንባዬን ለመደበቅ ወደ በቆሎው ማሳ ዞሬ ተቀመጥኩ።

የኔታ አሁን የሉም። ከማረፋቸው በፊት «ከእኔ በኋላ እንደ ልብህ አድርግ፤ ልጁን ብቻ አታጋልጥ» ብለውኛል። ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ አንዳንዱ ግን የሚያጠራው ሰው ይፈልጋል። አሁን የጻፍኩት ሌላ ቀለም አልገባ ያለው ልጅ ወደ አጥር ሥር እንዳይሄድ ነው። አትሂድ። ቁጭ ብለህ አጥና፤ የጠጡትም ያደረጉት እሱን ነው።

እሳቸው በሕይወት ሳሉ ግን አንድ ቀን ተፈትኛለሁ። ፍርዱ ባለፈ በዓመቱ፣ የደብሩ ንግሥ ላይ ተጠርቼ ሄድኩ። ዳሱ በጥንት ተማሪዎች ተሞልቷል፤ የኔታ ከላይ ተቀምጠዋል። ጠላ የሚቀዳው ሰው ለአካባቢው እንግዳ ነበርና ሳይዘለኝ ዋንጫዬን ሞላው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ የመጀመሪያዬ ነው፤ የጌሾው ሽታ አፍንጫዬን ነካው። ብጠጣው ምንም እንደማልሆን የምናውቀው እዚያ ዳስ ውስጥ ሁለት ሰዎች ብቻ ነን። እጄን ዘረጋሁ፤ አልዋሽም፣ አነሣሁት።

«ኧረ ለሳቸው አይቀዳም» አለ አንድ ድምፅ ከጎኔ። «የየኔታን አብሾ ጠጥተዋል።» ያ ልጅ ነው። ቄስ ሆኗል፤ መስቀሉን በእጁ ይዟል። ዳሱ በሙሉ ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም ያዩኝ ጀመር፤ በዚያ ዋንጫ አምነው ያረጁ ሰዎች ናቸው። የኔታም አዩኝ። አልለመኑኝም፤ ቀለም ሲያስቀጽሉን ቀጥሎ የሚመጣውን እስክንል እንደሚጠብቁ ጠበቁኝ።

ዋንጫውን ለቄሱ አቀበልኩት። «እውነትህን ነው» አልኩ፤ «አለብኝ።»